የዳሞታ ውኃ ወዴት ይሄዳል?

በኦቶና በኩል ማልዳችሁ ብታልፉ ደመናው ከዳሞታ ተራራ ትከሻ ገና ሳይነሣ ታገኙታላችሁ። እኔ በየቀኑ ስለማየው ልዩ ነገር አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ ደጋ አገር ጥቅም ሳስተምር፥ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፥ ዳሞታ ላይ የሚዘንበው ዝናብ መጨረሻው የት ነው?» አለኝ። «ባሕር ነዋ!» ልል አፌን ከከፈትሁ በኋላ ዝም አልሁ። ልክ አልነበረምና።

እስቲ አብረን እንከተለው። በምሥራቁ ተዳፋት የሚወርደው ወደ ብላቴ ወንዝ ይገባል፤ ብላቴም አባያ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በምዕራብ የወረደው ደግሞ ከኦሞ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይጓዛል። ከሁለቱም ሐይቆች ወደ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይወጣም። ስለዚህ ከዳሞታ የተነሣች ጠብታ በእግሯ ሄዳ ባሕር አታይም፤ ምናልባት ተንና በደመና ካልሆነ።

ይሁን እንጂ በመንገዷ ሥራ አትፈታም። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭም ተሠርቷል። ይህ ኀይል የተገኘው ውኃው ስለ በዛ ብቻ ሳይሆን ከከፍታ ስለሚወርድም ነው። ይህን ገጽ በመብራት የምታነቡ ወዳጆቼ ለተራራው ጥቂት ዕዳ አለባችሁ ማለት ነው።

ከፍታ ሙቀትንም ይቀንሳል። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቍጥር 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከአባያ ዳር ተነሥቶ ወደ 3,000 ሜትር እስከሚጠጋው የዳሞታ አናት የሚወጣ ሰው ከቆላ በቆሎ ጀምሮ፥ በእንሰት ጓሮ አልፎ፥ ገብስ ይደርሳል። አባቶቻችን ደጋውን የመረጡት ለእህሉ ብቻ አልነበረም፤ ወባንም ሸሽተው ነው። ሽሽቱ ግን ሁልጊዜ አላዳነም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ ነበር፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል።

እንግዲህ ጤናና ምግብ የፈለገ ሁሉ ደጋውን ሲይዝ መሬቱ ይጠብባል፤ ማረሻውና መቆፈሪያውም ወደ ገደሉ ይወጣል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄን ዝቅ ማድረጌ አይቀርም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጎፋ ዞን፥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፥ በሐምሌ 2016 ዓ.ም በከባድ ዝናብ የራሰው ተዳፋት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ አካፋና እጃቸውን ይዘው የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በእነርሱ ላይ ወረደ። የመማሪያ መጻሕፍት የደጋን ጥቅም ሲዘረዝሩ ይህን አብረው አይጽፉትም፤ እኔ ግን ከጥቅሙ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

ደወል ተደውሎ ስንወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ያ ተማሪ ከቦዩ አጠገብ ቆሞ ቀዩን ጎርፍ ያያል። «መምህር» አለኝ፥ «ውኃው አባያ እንደሚገባ ነገሩን፤ አፈሩ የማን ማሳ ነው?»