ምርጫው ገላፊ ሳይደርስ አልቋል

ከመኪና ጋር የሚመጣው መጽሐፍ «ተስማሚውን ቤንዚን ይምረጡ» ይላል። 91 ወይም 95 የሚል የኦክቴን ቁጥርም ጽፏል። ባለመኪናው ይህን አምኖ ሰመራ ወይም አዋሽ ማደያ ቢገባ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቤንዚን ነው ናፍጣ? እሱም ነዳጅ ካለ።

ኦክቴን ብዙዎች እንደሚያስቡት ጉልበት መጨመሪያ አይደለም። ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ሲታመቅ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የሚያሳየው መቋቋም ነው። 91 ለሚበቃው ሞተር 95 መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው። 95 የሚፈልገው ሞተር ዝቅ ያለ ሲቀዳለት ግን ያንኳኳል፣ ሲብስም ፒስተን ይበላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ይህንኑ ያደርጋል። መካኒኩ ጋ ሲኬድ ጥፋተኛው ባለመኪናው ነው፤ «ምን ቀዳህበት?» ይባላል። ምን እንደተቀዳለት በምን ይወቅ?

አሰብ የነበረው ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ውጭ ተጣርቶ የሚገባ ነዳጅ ነው። ለአገሩ የሚገዛው ደግሞ መንግሥት በነዳጅ አቅራቢ ድርጅቱ በኩል ነው። ስለዚህ የኦክቴኑም የድኙም (የሰልፈሩም) መጠን የሚወሰነው በግዢ ውሉ ላይ ነው። ቦቴው ጅቡቲ ጭኖ ገላፊን ሲሻገር፣ ዲቾቶንና ሰርዶን አልፎ ሎጊያ ሲደርስ፣ ጉዳዩ ካለቀ ሰንብቷል።

ድኙ ለምን ያሳስባል ለሚል፦ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ጭሱ ውስጥ ደቃቅ ብናኝ ያበዛል፣ ማርሚታው አካባቢ የሚገጠመውንም የጭስ ማጣሪያ ያበላሻል። ዘመናዊ መኪና ገዝቶ ቆሻሻ ናፍጣ መቅዳት ማጣሪያውን በገዛ እጅ መግደል ነው። ኬንያን ጨምሮ የያኔዎቹ አምስት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በፈረንጆቹ 2015 በናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ በሚሊዮን ከ50 እጅ እንዳይበልጥ ወስነዋል። የናይሮቢ ሾፌር ማደያ ላይ ቆሞ አልመረጠም፤ ተመረጠለት። እርሳስ ያለበት ቤንዚንም ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች በ2006 የወጣው እንዲሁ በመንግሥታት ውሳኔ ነው።

«መልሱ ኤሌክትሪክ ነው» የሚሉ አሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ መጥፎ አይደለም፤ የአዲስ አበባን አየር ሊረዳ ይችላል። ገላፊ ላይ የሚሰለፈው ከባድ መኪና ግን ገና ለብዙ ዓመት ናፍጣ ይጠጣል። ጭሱን የምትስበው ሎጊያ አስፋልት ዳር ሻይ የምታፈላዋ ሴት ናት። ለእሷ የሚበጀው ዛሬ የሚገባው ናፍጣ መጥራቱ ነው።

ንጹሕ ነዳጅ ዶላር ይጨምራል የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ የተቃጠለ ሞተር መለዋወጫም የሚገዛው ግን በዶላር ነው። እሱ እስኪፈታ የማያስወጣ ነገር አለ። የነዳጅ ጭነት ሲገዛ የጥራት ምርመራ ወረቀት አብሮት ይመጣል። እዚያ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች፣ ኦክቴንና ድኝ፣ በየማደያው መቅጃ ላይ ይለጠፉ። ቁጥሩ ከተለጠፈ ማደያ ገብቶ ናሙና የሚወስድ ተቆጣጣሪም በምን እንደሚለካ ያውቃል፣ ነጭ ጋዝ የሚቀላቅለውም የሚጠየቅበት ይኖራል። አሁን መቅጃው ላይ የሚነበበው ሊትሩና ብሩ ብቻ ነው።