ትኩሳቱ ሲበርድ ማስታወስም ይመርመር

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ አዋጅ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋዜጦቻችንም መጽሔቶቻችንም ስለ በሽታው ከጻፉ የሚጽፉት እንዳለፈ ነገር ነው። በካዛንቺስና በቂርቆስ ዙሪያ ግን ሳሉ ለቋቸው፣ ትኩሳቱ በርዶላቸው፣ ሐሳባቸውን መሰብሰብ ያቃታቸው ሰዎች አሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እነሱ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ ከቫይረስ ሕመም የተነሣ ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ስለ ማስታወሱና ስለ ማሰቡ ይጠየቅ፤ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ።

የዕድር ጸሐፊ ስለሆንኩ የሰው ችግር ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል። ከአባሎቻችን አንዷ በአንድ ምግብ ቤት ለዓመታት ካሸር ሆና ስትሠራ ሒሳቧ ጎድሎ አያውቅም ነበር። ኮቪድ ይዟት ከተነሣች በኋላ መልስ ሁለቴ መስጠት፣ የተከፈለ ሒሳብ እንደገና መጠየቅ፣ ደንበኛው የነገራትን ወዲያው መርሳት ጀመረች። ጉድለቱ ከደመወዟ ተቆረጠ፤ በመጨረሻም ከሥራ ተሰናበተች። አንዱ ጠጥታ ነው አለ፣ ሌላው መተት ተደርጎባት ነው አለ። እሷ ደግሞ ሰንፌ ነው ብላ ራሷን ስትወቅስ ከረመች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐኪም ቤት ሳትሄድ ቀርታ አይደለም። ግፊቷ ተለክቷል፣ ደረቷ ተደምጧል፣ ደሟ ታይቷል። “ነገር ትረሺያለሽ ወይ?” ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ይህች ሴት ያልሆነችውን ሆንኩ አላለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ከኮቪድ በኋላ የሚቆየውን ሕመም ሲተረጉም፣ ከድካምና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የማሰብና የማስታወስ ችግርን ከዋነኞቹ ምልክቶች መድቦታል። በእንግሊዝ አገር 785 ሰዎች ሁለት ጊዜ የአንጎል ምስል ተነሥተው ነበር። ከእነሱ መካከል 401ዱን ኮቪድ የያዛቸው በሁለቱ ምስሎች መሐል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት በተያዙት ሰዎች ላይ ከማሽተትና ከማስታወስ ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎች ካልተያዙት ይልቅ ትንሽ ሳስተው ተገኝተዋል፤ በማሰብ ፈተናም ዘግይተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከ401ዱ ሆስፒታል የተኙት 15 ብቻ መሆናቸው ነው። ቤቱ ተኝቶ ያገገመ ሰውም ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያው እንግሊዝ ውስጥ 113,000 ያህል ሰዎች የተፈተኑበት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ምልክቱ ሳይለቃቸው የቆዩት ከሁሉም ዝቅ ያለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል። ሕመሙ ቆይቶም ቢሆን የለቀቃቸው ግን ውጤታቸው ቶሎ ከዳኑት ጋር ተቀራራቢ ነበር። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ችግሩ እውነት ነው፤ ለብዙዎች ግን የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም።

በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በምርመራ የተረጋገጠው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው፤ ሳይመረመር ቤቱ ያሳለፈው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበዛል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቱ ብቻ እንኳ ቢፈዝዝ ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም።

ይህ እንዴት ይሆናል የሚል አንባቢ ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ራሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ስለተቀመጠ አይደለም። ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ የሚነሣው ብግነት፣ ሌባው ከሄደ በኋላም ዱላውን እንደማያስቀምጥ ዘበኛ፣ ሳያስፈልግ ይቆያል። አንጎልን ከደም የሚለየው መከላከያ ሊሳሳ፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥም ደም ሊረጋ ይችላል። በጽኑ የታመመ ሰው ላይ የኦክስጅን እጥረት ይጨመራል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሲደረቡበት ሰውየው ቃል ይጠፋበታል፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ማሰብ ያቅተዋል።

ነገሩ በኮቪድ አልተጀመረም። ከንፈር ላይ የሚወጣውንና ምች የምንለውን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ፣ አልፎ አልፎ አንጎልን ያጠቃል፤ የሚወደውም የማስታወሻውን ክፍል ነው። ስለዚህ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሰው መቀባዠር፣ ጠባዩ መለወጥ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዳማከሴ እየተቀባ ሊያድር አይገባም። ጸበሉን የሚሻ ቤተሰብ ይውሰደው፤ ሐኪም ዘንድ መድረሱ ግን በአንድ ቀንም አይዘግይ፤ መድኃኒቱ የሚያድነው በጊዜ ሲጀመር ነውና።

ኤችአይቪም እንዲሁ ነው። እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በአገራችን ቀድሞ ከተሰጠባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር የስንቱ ቤት ከመዘጋት እንደዳነ የሰፈራችን ሰው ያውቃል። ነገር ግን ቫይረሱ በመድኃኒት ተገትቶም ቀለል ያለ የማስታወስና የፍጥነት ችግር በአንዳንዱ ላይ ይቀራል። ኪኒኑን ዘለልክ ብለው የሚቆጡት ሰው፣ የዘለለው ቸል ብሎ ሳይሆን ረስቶ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ በእኛ ሰፈር ይበልጥ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የመርሳትን ችግር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያውቀው ታማሚው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ቡና ላይ አንድ ወሬ ሦስት ጊዜ መድገሙን፣ የዕድር ቀን መሳቱን፣ የማንን ልጅ በማን ስም መጥራቱን የሚያየው ቀድሞ እንዴት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። አዲሱ ጎረቤት ሰውየውን የሚያውቀው ከፈዘዘ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠባዩ እንዲህ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጎረቤት በሌለበት የሚጠይቀው ጤና ጣቢያው መሆን አለበት።

ጤና ባለሙያው ሰልፉ በዝቶበት በየትኛው ጊዜው ይጠይቅ የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ መልስ ግን አለው። ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀና ዩጋንዳ ውስጥም የተሞከረ አጭር መመዘኛ አለ። ለታማሚው አራት ቃላት ይነገሩታል፤ ሁለት ጣቶቹን በፍጥነት እንዲያጋጥም፣ ከዚያም ሦስት የእጅ እንቅስቃሴዎችን በቅደም ተከተል እንዲደጋግም ይደረጋል፤ በመጨረሻም አራቱን ቃላት እንዲያስታውስ ይጠየቃል። ሙሉ ነጥቡ 12 ሲሆን፣ 10ና ከዚያ በታች ያመጣ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ሰዓት እንጂ ማሽን አይፈልግም። ይህን እንኳ ለማይችል ባለሙያ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ከታመምክ ወዲህ ነገር ትረሳለህ? የለመድከው ሥራ ከበደህ? ቤተሰብህ ተለውጠሃል ይልሃል?

የሚረሳ ሰው ሁሉ የቫይረስ ጉዳት አለበት ወይ የሚልም ይኖራል። የለበትም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ግፊት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቤት የፈረሰበት ሰው ጭንቀት፣ ሁሉም ያስረሳል። እኔም ይጠየቅ የምለው ለዚሁ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚታከሙ ናቸው። ከኮቪድ በኋላ ለሚመጣው መርሳት እስካሁን የተረጋገጠ ልዩ መድኃኒት ባይኖርም፣ እንቅልፍን ማስተካከል፣ ሥራን ቀስ በቀስ መጀመር፣ በማስታወሻ መጠቀምና አብረው ያሉትን ሕመሞች ማከም ብዙ ሰው ይረዳል።

ካርድ ላይ ይጻፍ ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ቢታመም በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ይህን መብት ለማግኘት ግን የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ያልጠየቀውን አይጽፍም፤ ያልተጻፈውን አሠሪው አያይም። ያቺ ካሸር በእጇ አንድ ወረቀት ቢኖራት ኖሮ የመልስ ሒሳብ ከማይነካ ሌላ ሥራ ላይ ለጥቂት ወራት መመደብ ይቻል ነበር። ሆቴልና ምግብ ቤት፣ ባንክና መሥሪያ ቤት በሞላበት በዚህ ሰፈር አሠሪዎች ሠራተኛ ከመቅጣታቸው በፊት “ታመሽ ነበር ወይ?” ብለው ይጠይቁ እላለሁ።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠቃ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞቷል። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን እናስበዋለን። ያኔ ከበሽታው የተረፈውን ሰው የኋላ ሕይወት የሚከታተል ጤና ጣቢያ በየሰፈሩ አልነበረም። ዛሬ ጤና ጣቢያ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት ትሄዳለች። ላለመጠየቅ ምክንያት የለንም።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ከላይ ያልኳቸውን ሦስት ጥያቄዎች በጤና ጣቢያዎች መመዝገቢያ ካርድ ላይ እንዲያስገባ፣ እርስዎም ጉዳዩን በመጽሔትዎ ከሐኪሞች ጋር እንዲያነሱት እለምናለሁ። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ከሕመም ተነሥቶ የፈዘዘ ሰው ካለ ሰነፍ አትበለው፤ ይዘኸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ካልጠየቁትም አንተ ንገርለት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዕድር ጸሐፊ፣ ከካዛንቺስ