ትራንዚስተሩ ሲቃጠል አዛዡም ይመርመር

በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል፣ ከግዙፉ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የምትገኘው ዩለስ የኤሌክትሮኒክስ ታሪክ ጎረቤት ናት። ጃክ ኪልቢ በ1958 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪዩት ያሳየው በዚያው በዳላስ፣ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበር። ኩባንያው ዛሬ ከሚሸጣቸው ቺፖች መካከል ጌት ድራይቨር የሚባሉት ይገኙበታል። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ የእነዚህ ትናንሽ ቺፖች ነገር የአዲስ አበባ ጋራዦችም ጉዳይ ሆኗል።

የኤሌክትሪክ መኪና ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያመቻቸው፣ ትራንዚስተሮችን በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ በመክፈትና በመዝጋት ነው። ትእዛዙ የሚመነጨው በ3.3 ወይም በ5 ቮልት ከሚሠራ ደካማ ቺፕ ነው። የትራንዚስተሩ ጌት ግን እንደ ጋን ነው፤ ሳይሞላ አይከፍትም። 100 ናኖኩሎምብ የሚፈልገውን ጌት በ50 ናኖሰከንድ ለመሙላት በአማካይ 2 አምፔር ያስፈልጋል። ድራይቨሩ ይህን መስጠት ካልቻለ ትራንዚስተሩ በመከፈትና በመዘጋት መካከል ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት የሚባክነው ኃይልም ሙቀት ሆኖ ይፈጀዋል።

ታዲያ አምፔሩ የበዛውን መምረጥ መፍትሔ ይመስላል። አይደለም። ከልክ ያለፈ ፍጥነት የቮልቴጅ ዝላይና የሬዲዮ ረብሻ ያስከትላል። በቅድሚያ መታየት ያለበት የጌቱ ቮልቴጅ ነው፤ አይጂቢቲ 15 ቮልት ገደማ፣ ሲሊከን ካርባይድ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20፣ ጋሊየም ናይትራይድ ደግሞ ከ5 እስከ 6 ቮልት ይፈልጋል። ለአንዱ የታሰበው ድራይቨር ሌላውን ሊገድል ይችላል። ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ይመጣሉ፦ ድራይቨሩ የራሱ ቮልቴጅ ሲወርድ ትራንዚስተሩን ይዘጋል? የባትሪውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ይለያል? ሾርት ሲፈጠር በጥቂት ማይክሮሰከንዶች ውስጥ ያቋርጣል?

እነዚህን ጥያቄዎች የማይጠይቅ ባለሙያ የተቃጠለውን ትራንዚስተር ይለውጣል፤ የተጎዳውን ድራይቨር ግን በቦታው ይተወዋል። አዲሱም እንደ አሮጌው ይነዳል። ቦርዱን በሙሉ መለወጥ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ የጊዜ እጥረት ላለበት ጋራዥ እውነትነት አለው። ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርባት አገር፣ በአንዲት ቺፕ ብልሽት ሙሉ ኢንቨርተር ማስመጣት ውድ ልማድ ነው።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ትምህርታቸውን ከባትሪና ከሞተር አሳልፈው እስከ ጌቱ ማድረስ ይገባቸዋል። በቴክሳስ በዚህ ሙያ የተሠማሩ ኢትዮጵያውያንም ከሚልኩት ገንዘብ ባልተናነሰ የሚፈለግ ነገር በእጃቸው አለ፦ የቺፕን የመረጃ ሰነድ አንብቦ የመምረጥ ዕውቀት። መኪናን ማስገባት የፖሊሲ ውሳኔ ነው፤ መኪናው ከዓመታት በኋላም እንዲሄድ የሚያደርገው ግን ይህ ዕውቀት ነው።