ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርግ

በሱኮት በዓል ሰሞን ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ፖሌግ ወረድኩ። ጠዋት ወንዙ ባሕር የሚገባበትን ቦታ አየን፣ ልጆቹ በአሸዋው ተጫወቱ። ከሰዓት በኋላ ወደ ኢንዱስትሪ ዞኑ ተሻግረን ጠረጴዛ ልንገዛ አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ እኔን ትቶ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ያናግር ጀመር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ታሽሉሚም ምን ታውቃለች? የገባትን ነገረችኝ፣ እኔም ፈረምኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ማታ ጎረቤት ውሉን ሲያነብልኝ ዋጋው ካሰብኩት በላይ ሆነ። ልጄ አለቀሰች። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።

በ2010 የወጣው ደንብ ከ50 ሼቄል በላይ የሆነ የቤት ዕቃ ሳንጠቀምበትና ሳይገጠም በ14 ቀን ውስጥ እንድንመልስ ይፈቅዳል። የስረዛ ክፍያው የዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። በማግስቱ ካባላውን ይዤ ብቻዬን ሄድኩና «አኒ ሮጼ ለቫቴል» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሰሙኝ፤ ገንዘቤም ተመለሰ።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችንን ለሽርሽር እንውሰዳቸው እንጂ በኛ ውል መሐል አናቁማቸው። ቃሉን እኛው እንማረው። ኡልፓን የተከፈተው ለኛ ነው።