“በድንገተኛ ሕመም” እያልን የምንቀብራቸው ልጆች

እዚህ አሜሪካ ከመካከላችን አንድ ወጣት ሲሞት ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። “በድንገተኛ ሕመም” ይባላል። ለቅሶ እንደርሳለን፣ ቡናውም ሻዩም ይቀርባል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። ድንገተኛ ሞት ሁሉ ከሱስ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን የአገሩን ቁጥር እያዩ “የእኛን ቤት ዘሎ አልፏል” ማለት ራስን ማታለል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከልክ ባለፈ መድኃኒትና ዕፅ በአሜሪካ ሞቷል፤ አብዛኛው በፈንታኒል ነው። በ2024 ቁጥሩ ወደ 80 ሺህ ገደማ ወረደ። ቀነሰ ተብሎ የተነገረን እንግዲህ ይኸ ነው!

ነገሩ የተጀመረው በመንደር ዱርዬ ሳይሆን በሐኪም ማዘዣ ነበር። ፐርዱ ፋርማ በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሱስ የማስያዝ ኃይሉን አሳንሶ ለገበያ አቀረበ፤ በ2007 እና በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዛሬ በየመንገዱ የሚሸጠው ደግሞ የፋብሪካ መልክ የተሰጠው የውሸት ኪኒን ነው። የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ላስረዳ። ሁለት ሚሊግራም ፈንታኒል፣ ማለትም ጥቂት የጨው ቅንጣት የሚያህል፣ ላልለመደ ሰው ሞት ሊሆን ይችላል። ሊጥ በደንብ ካልታሸ አንዱ ጥግ ጨው፣ ሌላው አልጫ እንደሚሆነው ሁሉ፣ በጓዳ የተቀላቀለ ዱቄትም እኩል አይዳረስም። አንድ ኪኒን ለሁለት ከተካፈሉ ጓደኛሞች አንዱ ሊሞት ሌላው ሊተርፍ ይችላል። “የእኔ ልጅ ሱሰኛ አይደለም” የሚለው መጽናኛ ለዚህ አይሠራም። ለፈተና ሌሊት አንዲት ኪኒን የወሰደም ይሞታል።

ለመሆኑ ወላጆቻችን ነገሩ ሲደርስባቸው ምን ያደርጋሉ? ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ ይሰበሰብና ልጁ መሐል ተቀምጦ ይገሠጻል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሚለር፣ ማየርስና ቶኒጋን ያወጡት ጥናት ሕክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎችን ቤተሰቦች አወዳድሮ ነበር። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሰውየውን ፊት ለፊት በሚገጥምበት መንገድ ለሕክምና የገቡት ከመቶ 30 ሲሆኑ፣ ክራፍት በተባለው ዘዴ 64 ገቡ። ዘዴው በኋላ ለዕፅ ሱሰኛ ቤተሰቦችም ውሏል። ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ ልጁ ከዕፅ ነጻ በሆነበት ሰዓት አብሮት መብላት፣ ማጫወት፣ ማመስገን፤ በደነዘዘበት ሰዓት አለመከራከር፤ ራሱ ባመጣው ጣጣ ፈጥኖ አለመድረስ፤ የሕክምናውን ነገር ልቡ በተሰበረበት ቀን፣ ቀጠሮውን አስቀድሞ ይዞ ማንሳት። እናትም ራሷ መተኛትና መብላት አለባት።

ሌላው መንገድ ልጁን ወደ አገር ቤት መላክ ነው። በጸበል ላይ ክርክር የለኝም። አደጋው ግን ሲመለስ ነው። ለወራት ከዕፅ የራቀ ሰውነት ቀድሞ ይችለው የነበረውን መጠን አይችልም፤ ልጁ በአሮጌው ልክ አንድ ቀን ቢወስድ ሊሞት ይችላል። ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን የተባሉት ሕክምናዎች የሞትን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ። “አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው” የሚሉ አባቶች፣ በ2012 ያረፉት አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ መፍቀዳቸውን ያስታውሱ።

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ከሆስፒታል የተሰጠውን ወረቀት እንዳነብለት ይዞ መጣ። ልጁ ከሞት ተርፎ የወጣ ዕለት የተሰጠ ነው። ናርካን የተባለው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ቤተሰቡም የት ምክር እንደሚያገኝ ይናገራል። አባት ግን የሆስፒታል ዕዳ መስሎት ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው፤ ለእንዲህ ያለ ጉድ የሚበቃ ግን የለውም። በሐኪሙ ፊት ያስተረጎመለት ማን መሰላችሁ? የታመመው ልጅ ራሱ!

ለወላጆች በኢንተርኔት የሚሰጥ እርዳታ በአገሩ አለ። ፓርትነርሺፕ ቱ ኤንድ አዲክሽን የሚባለው ድርጅት ተመሳሳይ መከራ ያሳለፉ ወላጆችን አሠልጥኖ ከሌሎች ወላጆች ጋር ያገናኛል፤ ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ ከኢንተርኔት የተሻለ መንገድ አይታየኝም። አዳራሽ ቢጠሩት መኪናው በር ላይ ይታያል፤ የማታ ፈረቃ የሚሠራው ታክሲ ነጂና ነርስ በስብሰባ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ካሜራ ዘግቶ፣ ስም ቀይሮ፣ በሌሊት መስማት ግን ሁሉም ይችላል።

“ከየት እናመጣዋለን?” የሚል ካለ፣ ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ በዚያ ደካማ ኢንተርኔት የፓልቶክ ክፍል ከፍተን ሌሊት ሙሉ የተከራከርነው እኛው አይደለንም ወይ? በየሳምንቱ አንድ ማታ፣ ዘዴውን የተማረ አማርኛ ተናጋሪ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር የሚመራው ውይይት ይበቃል። (ቦርድ አይቋቋምለት፤ በሦስት ወሩ ለሁለት ይከፈላል።) የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ ከከተማው መጠየቅም መብታችን ነው።

የመጀመሪያው ማታ ትምህርት ናርካን ይሁን። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይገዛል። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ትንፋሹ የቀነሰ ልጅ ሲገኝ 911 መደወል፣ መርጨት፣ ትንፋሽ መስጠት፣ ካልነቃ ከሁለትና ሦስት ደቂቃ በኋላ መድገም። ሁለተኛው ማታ የሕግ ባለሙያ ይምጣ። አብዛኞቹ ስቴቶች ለእርዳታ የደወለን ሰው የሚከላከል ሕግ አላቸው፤ ይሁንና በዕፅ ወንጀል መፈረድ ዜጋ ያልሆነን ሰው ለመባረር ሊያበቃው ስለሚችል የወላጆች ፍርሃት ከንቱ አይደለም፣ መልስ ይፈልጋል።

የኮምፒዩተሩን ሥራ እኔ እችለዋለሁ፤ ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ሌሊቱም የእኔ ነው። የጎደሉን ሁለት ነርሶች፣ አንድ ሶሻል ወርከርና ይህን መከራ አልፎ ያለ ስሙ ለመናገር የሚደፍር አንድ ወላጅ ናቸው።