ስለ ጨዋታ ላፕቶፕ፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው

ባለፈው ሰንበት ከሰዓት በኋላ አንዲት የጎረቤታችን ወይዘሮ ከልጃቸውና ከአሜሪካ ከመጡት እኅታቸው ጋራ ወደ ቤታችን መጥተው አንድ ትልቅ ጥቁር ላፕቶፕ በጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ። ዕቃው የሁለት ዕጣ የዕቁብ ገንዘብ የበላ ነው። እኅቲቱ ሐሙስ ሌሊት የሚመለሱ ስለ ሆነ፥ እንደ ተባለለት ሆኖ ካልተገኘ ለሻጩ ለመመለስ የቀረው ጊዜ አራት ቀን ብቻ ነበር። ወይዘሮዋም «እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም፤ ልጄ ግን ከትልቁ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጋራ እኩል ነው ብሎኛል። እስቲ እናንተ እዩልኝ» አሉን። ልጁ በኮምፒዩተር የሕንፃ ሥዕል እየሠራ ጥቂት ገንዘብ የሚያገኝ፥ በትርፍ ጊዜውም ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነው።

ምርመራውን ከስሙ ጀመርን። በካርቶኑ ላይ «አር ቲ ኤክስ 5090» የሚል ተጽፏል። ይህ የኤንቪዲያ ኩባንያ ግራፊክስ ካርድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፥ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚገባውና በላፕቶፕ የሚገባው በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በአካል የተለያዩ ናቸው። የጠረጴዛው 21,760 ኮርና 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ሆኖ እስከ 575 ዋት ይስባል። የላፕቶፑ ግን 10,496 ኮርና 24 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ ኃይሉም ከ95 እስከ 150 ዋት፥ ከፕሮሰሰሩ ድርሻ ሲጨመርለትም እስከ 175 ዋት ነው። ከእርሱ በፊት የወጣው 4090 የተባለውም እንዲሁ በጠረጴዛው 16,384፥ በላፕቶፑ 9,728 ኮር ነበረው። ኩባንያው ቍጥሩን በግልጽ ስለሚያትም ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ስሙን ብቻ አይቶ ገንዘቡን የሚቈጥር ሰው መሳሳቱ አይቀርም። ይህነን ስንናገር ልጁ አንገቱን ደፋ።

ከ95 እስከ 150 የሚለውንም አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉት። አንድ ዓይነት ስም ካላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንደኛው ብዙ፥ ሁለተኛው ጥቂት ኃይል የተፈቀደለት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሠሪው ፈቃድና በማቀዝቀዣው ብርታት የተወሰነ ነው። በዚህ በኩል የእኛው ዕቃ 175 ዋት የተፈቀደለት መሆኑን ከራሱ ከካርዱ ፕሮግራም አነበብን።

ከዚያ በኋላ ፈተናው ሆነ። ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ አጫውቶ ይፈርዳል፤ ዕቃው ግን ቀዝቃዛ ሳለ ሁሉም ጐበዝ ነው። እኛ ሙቀቱንና ዋቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍተን ልጁን አንድ ሰዓት ሙሉ አጫወትነው። በመጀመሪያ 170 ዋት ያህል ሳበ፤ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ወደ 87 ዲግሪ ወጥቶ ዋቱ ወደ 145 ወረደ። የማራገቢያውም ድምፅ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ በጓዳ የነበሩት አያታችን ዝናም መጣ ወይ ብለው ጠየቁ።

ለዚህ ከፊል ምክንያቱ አገራችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን ጠርጎ የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል። እንግዲህ በቆላ አገር ተፈትኖ የተመሰገነ ዕቃ በእኛ ዘንድ ጥቂት ቢደክም አያስደንቅም። የኋላውን ጠርዝ በሁለት መጻሕፍት ብናነሣው አየር መሳቢያው ተከፍቶለት ሙቀቱ አምስት ዲግሪ ቀነሰ፤ ዋቱም ወደ 160 ተመለሰ። ለዚህ ገንዘብ አላወጣንም።

ገመዱን ስንነቅለው ግን ጨዋታው ወዲያው ደከመ። ባትሪው 99 ዋት ሰዓት ነው፤ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሳፈረው እስከ 100 ስለ ሆነ ሠሪዎች ከዚያ አያሳልፉትም። ይህን የሚያህል ባትሪ በሙሉ ኃይል ቢሠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቈይ ዕቃው ራሱን ይቈጥባል። ስለ ዲስኩ፥ አንድ ቴራባይት ተብሎ 931 ጊጋባይት ብቻ ማሳየቱ የአቈጣጠር ልዩነት እንጂ ስርቆት አይደለም።

በመጨረሻ ወይዘሮዋ «ታዲያ ልጄ ተታለለ ወይስ እኔን አታለለኝ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ልጁን አስቀድሞ ያሳሳተው ስሙ መሆኑን፥ እርሱም ዝርዝሩን ሳያነብ ለእናቱ ቃል መስጠቱ ጥፋት መሆኑን ሳንሸሽግ ነገርናቸው። ዕቃው ግን በራሱ ልክ የተጻፈበትን ቃል ለመፈጸም የተቃረበ ነው፤ 24 ጊጋባይቱ ለትልልቅ የሕንፃ ሥዕል ይጠቅመዋል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋም ሥራው ከመጥፋት ይድናል። ለጨዋታ ብቻ የተፈለገ ቢሆን ኖሮ መልሱት ባልን ነበር።

ልጁ እናቱን ይቅርታ ጠይቆ፥ ከሚያገኘው የሥዕል ዋጋ በየወሩ ለዕቁባቸው ሊከፍል ቃል ገባ። እኅቲቱ ሐሙስ ሌሊት ሲሄዱ ሻንጣቸው ቀሎ ነበር፤ ባዶውን ካርቶን ግን ወይዘሮዋ በቁም ሣጥናቸው ላይ አስቀምጠውታል።