የቤት አስተዳደር፤ ስለ መድኃኒት ቤት ምራቂ



በአገራችን ገበያ እህል የምትሸጥ እናት መስፈሪያውን ሞልታ ካስረከበች በኋላ በእጇ ዘግና ጥቂት ትጨምርበታለች። ሳትጨምር ብትቀር ገዢዪቱ «መርቂልኝ እንጂ» ትላታለች። ይህ ጭማሪ ምራቂ ይባላል፤ ስሙም ምርቃት ከሚለው ቃል ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ሻጪቱ በምራቂዋ ደንበኛዋን ታጸናለች፤ ገዢዪቱም በሚቀጥለው ገበያ ወደዚያችው ሴት ትመለሳለች።

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ምእመናን ቤተ ሰቦች ደግሞ ሌላ ዓይነት ምራቂ ያውቃሉ። በዚያ አገር መድኃኒት ቤት ማለት መድኃኒት ብቻ የሚሸጥበት ጠባብ ክፍል አይደለም፤ ሳሙናው፣ ሻምፖው፣ የሕፃናት ዳይፐሩ፣ ከረሜላውና የሰላምታ ካርዱ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ተደርድሮ የሚገኝበት ሱቅ ነው። ገዢው ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ሲቆም የስልክ ቁጥሩን ይጠየቃል፤ ቁጥሩን ሲናገር የአንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ከደረሰኙም ግርጌ ለሚቀጥለው ግዢ እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ኩፖን ይታተማል። ከእነዚህ መድኃኒት ቤቶች አንዱ፣ ሲ.ቪ.ኤስ. የሚባለው፣ በደረሰኙ ርዝመት ምክንያት በአገሩ ሰው ዘንድ እንኳ መቀለጃ ሆኗል። ብዙ ቤተ ሰቦች ይህ ምራቂ በእውነት ይጠቅም እንደ ሆነ ስለሚጠይቁን፣ በዚህ ወር ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር ወድደናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስፔሪ እና ሃቺንሰን የተባለው ድርጅት በ1896 ዓ.ም. ለነጋዴዎች አረንጓዴ ቴምብር ማቅረብ ጀመረ። ነጋዴው ገዢው ባወጣው ገንዘብ ልክ ቴምብር ይሰጣል፤ የቤት እመቤቲቱም ቴምብሩን በደብተር ላይ እየለጠፈች ታጠራቅማለች፤ ደብተሩ ሲሞላ በድርጅቱ መደብር የቤት ዕቃ ትለውጥበታለች። ይህ ልማድ በ1960ዎቹ ዓመታት እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የቴምብሩን ስፍራ ካርድ፣ የካርዱንም ስፍራ የስልክ ቁጥር ተካው። በ1963 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በሎዌል ከተማ የተመሠረተው ሲ.ቪ.ኤስ. የምራቂ ካርዱን በ2001 ዓ.ም. አወጣ። ዎልግሪንስ የተባለው ሁለተኛው ታላቅ መድኃኒት ቤት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በነጥብ የሚቈጠር ምራቂ ጀመረ፤ በ2020 ዓ.ም. ግን ያንን ትቶ ሌላ ተካበት።

እንግዲህ ምራቂው ስንት ነው? የሲ.ቪ.ኤስ. መደበኛ ስጦታ ከ100 ዶላር 2 ዶላር ነው። ዎልግሪንስም በ2020 ዓ.ም. አዲሱን ሥርዓት ሲያወጣ ከ100 ዶላር 1 ዶላር፣ በራሱ ስም ለሚሸጠው ዕቃ ደግሞ ከ100 ዶላር 5 ዶላር እንደሚሰጥ አስታወቀ። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው መድኃኒት ከሲ.ቪ.ኤስ. ሁለት በመቶ ውጭ ነው። አንድ ቤተ ሰብ በወር 60 ዶላር የሚያወጣ ቢሆን፣ ሁለት በመቶው በወር 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ በዓመት 14 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም፤ ዳሩ ግን የማያስፈልግ አንድ የፊት ቅባት ብቻ ብንገዛ የዓመቱን ምራቂ በአንድ ቀን ይበላዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ቅናሽ በየሳምንቱ የሚታወጀው ነው። በዚህም ላይ የሒሳብ ትምህርታችንን ልናስታውስ ይገባናል። «የ20 ዶላር ዕቃ ለገዛ 5 ዶላር እንመልሳለን» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ፣ ብዙ ሰው ቅናሹ ከ100 እጅ 25 እጅ ይመስለዋል። ነገር ግን አምስቱ ዶላር የሚሰጠው በእጅ አይደለም፤ ተመልሰን መጥተን ሌላ ዕቃ ስንገዛበት ነው። ስለዚህ በ20 ዶላር የ25 ዶላር ዕቃ ገዛን ማለት ነው፤ ይኸውም ከ100 እጅ 20 እጅ ነው። ኩፖኑ ሳንጠቀምበት ቀኑ ካለፈ ደግሞ ቅናሹ ባዶ ነው። እንዲሁም «አንዱን በሙሉ ዋጋ፣ ሁለተኛውን በግማሽ ዋጋ» የሚለውን እንመልከት። ዕቃው 8 ዶላር ቢሆን ሁለቱ 12 ዶላር ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ 6 ዶላር ወጣበት፤ እንግዲህ በጉልህ የተጻፈው 50 በመቶ በእውነቱ 25 በመቶ ነው። ሁለተኛው ካላስፈለገን ግን 8 ዶላር ሊበቃ 12 ዶላር አወጣን። ከዚህም በላይ የመድኃኒት ቤት ሳሙናና ሻምፖ መደበኛ ዋጋው ከታላላቅ የሸቀጥ መደብሮች ብዙ ጊዜ ስለሚበልጥ፣ ቅናሹን ከዚያው ቤት ዋጋ ጋር ብቻ ማስተያየት አይበቃም።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ሕንፃ የሚጀምር ሰው ወጪውን አስቀድሞ ማስላት እንደሚገባው አስተምሮናል። ትምህርቱ የሚበልጠውን ነገር ለማስረዳት የተነገረ ቢሆንም፣ ለቤት እመቤትና ለአባወራም የሚያገለግል ነው።

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት በዚሁ ጉዳይ ጽፈውልናል። በቁም ሳጥናቸው 14 የጥርስ ሳሙናና 9 ጠርሙስ ሻምፖ አለ። ባለቤታቸው «ቤታችንን መጋዘን አደረግሽው» ሲሏቸው፣ እርሳቸው «ሁሉም በቅናሽ የተገዛ ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ በዚህም ምክንያት በቤታቸው ክርክር አልጠፋም። ደብዳቤው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለሁለቱም ጥቂት ጥቂት ፈርደን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ከግርጌው ሌላ ቃል አለ። ባለቤታቸው የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እናታችን መድኃኒቱን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያዛውር ሰው ስጦታ እንደሚያገኝ ሰምተው፣ የስጦታው ኩፖን እስኪመጣ ድረስ መድኃኒቱን ማስሞላቱን አቆዩት፤ አባወራውም 9 ቀን ያለ መድኃኒት ሰነበቱ።

እኅታችን ሆይ፤ ለልጆችዎ ብለው የሚደክሙ፣ ወደ አገር ቤትም የሚልኩ ትጉህ እናት እንደ ሆኑ ከደብዳቤዎ ተረድተናል፤ ትጋትዎንም እናከብራለን። ቢሆንም ይህ ነገር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆኗል። ኩፖን የሚጠብቅ ሳሙና ነው እንጂ የደም ግፊት መድኃኒት አይደለም። ይህ መድኃኒት በየዕለቱ ካልተወሰደ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ሕመምተኛውም አንዳች ሳይሰማው ልቡና አንጎሉ ሊጐዱ ይችላሉ። ደግሞም የአንድ ሰው መድኃኒት በሁለትና በሦስት ቤት ሲበታተን፣ አንዱ መድኃኒት ከሌላው ጋር እንዳይጣላ የሚመረምረው ባለሙያ ሁሉንም በአንድነት አያየውም። ስለዚህ ባለቤትዎ ዛሬውኑ የተቋረጠውን ነገር ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ መድኃኒታቸውም ሁሉ በአንድ ቤት ይሁን። ስለ ጥርስ ሳሙናው ግን አባወራውም ይታገሡ፤ ቶሎ አይበላሽምና ቀስ በቀስ ያልቃል። እስኪያልቅ ድረስ ሌላ አይገዛ።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። መድኃኒትን ማክበር ሲባል ደግሞ ዋጋውን መጠየቅ ነውር ነው ማለት አይደለም። በመድኃኒት ቤት የሚገኘው ትልቁ ቁጠባ ከምራቂው ይልቅ በሚከተሉት ነገሮች መሆኑን አንባቢዎቻችን ቢያውቁ መልካም ነው።

አንደኛ፤ በዝነኛ ስም የሚሸጠውና በመድኃኒት ቤቱ በራሱ ስም የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። በማሸጊያው ጀርባ ዋናው ፈዋሽ ንጥረ ነገርና ልኩ ተጽፏል። አድቪል በተባለው ላይ አይቡፕሮፌን 200 ሚሊግራም የሚል ካለ፣ በአጠገቡ ባለው ርካሽ ማሸጊያ ላይም ይኸው ስምና ይኸው ልክ ካለ፣ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ የስሙ ዋጋ ነው።

ሁለተኛ፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደውም ቢሆን ጄኔሪክ የተባለው ዓይነት እንዳለው መጠየቅ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ጄኔሪክ መድኃኒት በፈዋሽ ንጥረ ነገሩ፣ በኃይሉና በአወሳሰዱ ከዋናው ጋር አንድ እንዲሆን ያስገድዳል።

ሦስተኛ፤ ባለመድኃኒቱን «በኢንሹራንስ ከምከፍለውና በእጄ ከምከፍለው የቱ ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቀድሞ አንዳንድ ውሎች ባለመድኃኒቱ ይህን እንዳይናገር ይከለክሉት ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ግን ያንን ክልከላ አስቀርቶታል። ጥያቄው የአንድ ደቂቃ ነው፤ ጥቅሙ ግን የዓመት ምራቂ ሊበልጥ ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ ወደ አገር ቤት ስለሚላከው መድኃኒት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። በቅናሽ የተገዛ ትርፍ የራስ ምታት ክኒን ለእናትና ለአባት መላክ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በአሜሪካ ታይለኖል በሚባለው ማሸጊያ ላይ አሴታሚኖፌን ተብሎ የተጻፈው፣ በአገራችን ፓራሲታሞል ከሚባለው ጋር አንድና ያው ነው። ይህን የማያውቁ እናት ከልጃቸው የመጣውንም፣ ከሰፈራቸው መድኃኒት ቤት የገዙትንም ደርበው ቢወስዱ ልኩ ያልፋል። ለአዋቂ ሰው በአንድ ቀን ከ4,000 ሚሊግራም በላይ ጉበትን ሊያበላሽ ይችላል፤ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ ከዚያ ያነሰውም ይበዛበታል። ለጉንፋን የሚሸጡት ቅልቅል መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ይኸው ንጥረ ነገር አለባቸው። ስለዚህ የሚልክ ሰው የማብቂያውን ቀን አይቶ፣ በማሸጊያው ላይ በአማርኛ «ይህ ፓራሲታሞል ነው» ብሎ ጽፎ ይላክ። ቫይታሚንም የሚልክ ወይም ለልጆቹ የሚገዛ ሰው ዝርዝሩን ያንብብ፤ እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት ብዙዎቹ ጄላቲን አለባቸው፤ ጄላቲንም ከአሳማ ወይም ከከብት የሚወጣ ነውና፣ በጾምም በፍስክም ምን እንደምንበላ ማወቅ ይገባናል።

ነጋዴው ይህን ሁሉ የሚሰጠው ስለ ምንድር ነው ያልን እንደ ሆነ፣ መልሱ ሁለት ነው። አንዱ እንደ ገበያችን እናት ደንበኛውን ለመመለስ ነው። ሁለተኛው ግን ገበያችን የማያውቀው ነገር ነው፤ ይኸውም ማን ምን እንደሚገዛ መዝግቦ ለማወቅ ነው። ስለ ሳሙና ቢታወቅብን ብዙ ላይጐዳን ይችላል። ስለ ሕመማችን ግን ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሕመምተኛን ምስጢር ይጠብቃል፤ ስለዚህም ስለ መድኃኒት የሚሰጥ ምራቂ ሲኖር ፈቃድ የሚሰጥ ፊርማ ሊጠየቅ ይችላል። ወረቀቱን ሳናነብ አንፈርም፤ እንግሊዝኛ ያስቸገራቸው ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር ያንብቡት።

ምራቂ እንደ ባንክ ገንዘብ አለመሆኑም አይዘንጋ። ሰጪው መስፈሪያውን ሊያሳንስ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ቡትስ የተባለው መድኃኒት ቤት በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ካርድ በእያንዳንዱ ፓውንድ 4 ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ በ2023 ዓ.ም. ወደ 3 ነጥብ አወረደው። ይባስ ብሎ ሰጪው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። በ1962 ዓ.ም. በፔንሲልቫንያ የተጀመረው ራይት ኤይድ በ2023 ዓ.ም. እንደ ገናም በ2025 ዓ.ም. የኪሣራ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ በዚያው በ2025 ዓ.ም. ሱቆቹን ሁሉ ዘጋ። ስለዚህ የተገኘ ምራቂ ለሚያስፈልግ ነገር ቶሎ ይዋል እንጂ አይከማች።

እንግዲህ ምክራችንን እንጠቅልል። ወደ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችን አስቀድሞ የጐደለውን በወረቀት እንጻፍ፤ ከዚያም በኋላ ቅናሹን እንመልከት፤ ቅናሹን አይተን የጐደለ አንፈልግ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነውና። በየወሩ መዋጮ የሚጠይቅ አባልነት ቢያቀርቡልን የዓመቱን ድምር እናስላ፤ በወር 5 ዶላር በዓመት 60 ዶላር ነው። የሳምንቱ ቅናሽ በእሑድ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ በቅዳሴ ሰዓት ስልክ ከፍቶ ኩፖን መመልከት አያስፈልግም፤ ሰኞም ማክሰኞም ያው ነው።

በመጨረሻም፤ በደረሰኙ ላይ «ይህን ያህል አተረፉ» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ከኪሳችን ካልተለየ ትርፍ አይደለም፤ በሌላ ዕቃ ወጥቶ ያልቃል። ስለዚህ አንዳንድ ቤተ ሰቦች የሚያደርጉትን እንድታደርጉ እንመክራለን፦ በእውነት የተረፈውን ሳንቲም በወሩ መጨረሻ አስልተው በአንድ ሣጥን ይጥሉታል፤ ጾሙ ሲገባም ልጆቻቸው ባሉበት ከፍተው ከፊሉን ለነዳያን፣ ከፊሉንም በአገር ቤት መድኃኒት መግዣ ላጣ ዘመድ ይልኩታል። ልጆቹም ቁጠባ ስለ ምን እንደ ሆነ በዓይናቸው አይተው ያድጋሉ።

እግዚአብሔር አምላክ ለቤታችሁ ጤናንና በረከትን ይስጥ፤ አሜን።